የጪጩ ቁልቁለት ለምን አልሄደም?

ሸክላ ሲባል ለእኛ ለከተሜዎቹ የሚታየን ጀበና ነው፤ አለዚያም የድሮ ዘፈን። ከዲላ ወጣ ብለን ጪጩ ስንደርስ ግን ሸክላ ማለት ቤቱም ቡናውም የቆመበት ቁልቁለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸክላ የበዛበት አፈርም ሆነ አለት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ቅንጣቶቹ የተያያዙበት ኃይልም ይላላል። በጋ ሲመጣ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ያ ስንጥቅ ደግሞ ለመጪው ክረምት ዝናብ በር ይሆናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ዝናብ የጠገበ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትንም ሁለተኛ ናዳ ቀበራቸው።

ታዲያ የጌዴኦ ቁልቁለት ያን ሁሉ ሕዝብ ተሸክሞ እንዴት ኖረ? መልሱ በአመዛኙ እርሻው ውስጥ ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡናና እንሰት። ቅጠሉ የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፤ ጥላው አፈሩ በበጋ እንዳይሰነጠቅ ይከላከላል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውንም ይጠጣል። ዶ/ር ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለዚህ እርሻ ላሳተሙት ጥናት ርዕስ ያደረጉት «የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት?» የሚል ጥያቄ ነበር። ዩኔስኮም የጌዴኦን መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገበ።

እርግጥ ሥር የማይደርስበት ጥልቅ ናዳ አለ፤ ዛፍ ሁሉን አይችልም። ቢሆንም ዛፉና እንሰቱ ተነቅሎ ጫት ብቻ ሲተከል፣ አፈሩ ለፀሐይና ለዝናብ ይጋለጣል። ስለዚህ ጎበዝ፣ በምዝገባው ከመኩራታችን በፊት ዛፉ መቆሙን እንይ።

ቸር እንሰንብት!