ከደም ሥር ግድግዳ የሚጣበቀው ወባ

ደምቢያ የጎንደር ጎተራ ናት። ከጣና በስተሰሜን የተንጣለለው የዋልካ መሬት ጤፉንም ሽምብራውንም ያበቅላል፤ ደገኛውም ከወገራና ከዳባት ወርዶ ያጭድበታል። ግን መስከረም ከጠባ እስከ ኅዳር ማብቂያ በዚያ ሜዳ ማደርን ደገኛ ይፈራው ነበር። ዝናቡ ሲያባራ በየማሳው ዳርና በከብት ኮቴ ላይ የተኛው ውሃ ቢንቢ ይፈለፍላል። ቀን ውሎ ማታ ዳገቱን መውጣት የቻለ ይወጣል፤ ያልቻለ ንዳዱን ይዞ ይመለሳል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይወቀጥለታል፣ ሲብስበት ጠበል ይወሰዳል። ራሱን ስቶ ሲወራጭ ያየ ጎረቤት ደግሞ ጋኔን ነው ይላል።

እኔ ይህን በሽታ ከመጽሐፍ በፊት ያወቅሁት በስላይድ ነው። ጎንደር ውስጥ፣ ላቦራቶሪ ተቀምጬ፣ ከሰው ጣት የተወጋ ደም በጊምሳ እያቀለምኩ በማይክሮስኮፕ ሳነብ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ስለዚህ የምጽፈው ታሪክ ከአንድ የደም ጠብታ ጋር የተያያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ፣ በቆላ ድባ አካባቢ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሕዝቡን በሺዎች ፈጀው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጎንደር ላይ ተከፈተ፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተባብረው። ትምህርት ቤቱ ጎንደር ላይ እንዲሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ያ እልቂት ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ላይ ያሠለጥን ነበር፤ ሦስቱም በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላካሉ፤ ቆላ ድባም አንዱ መለማመጃ ነበረ። አንዱ ታማሚ ያያል፣ አንዷ እናቶችን ትከታተላለች፣ አንዱ የጉድጓድ ውሃና የሽንት ቤት ጉዳይ ይዞ መንደር ለመንደር ይዞራል። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ይኸው ነው፤ እኔ በዚህ እኮራለሁ።

ኮሌጁ ገና ሳይጠና ሌላ መዓት መጣ። በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ወባ ከቆላ ተነሥቶ ወደ ወይና ደጋው ወጣ። ዝናቡ ከልክ አልፎ፣ አየሩም ሞቆ ነበር። ፎንቴይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጥናት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው አገር 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ገምተዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ ደምቢያም ቀድሞ ዲዲቲ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። ርጩ የጎጆውን ግድግዳ ነጭ አድርጎ ሲያልፍ ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ።

ወደ ስላይዴ ልመለስ። ከደምቢያ በቃሬዛ የመጣ ልጅ ራሱን ስቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ይተኛል። ደሙን ቀብቼ አያለሁ፤ እኛ ሪንግ የምንላቸውን ቀጫጭን ቀለበቶች፣ ገና ለጋ የሆኑትን የወባ ጥገኞች፣ አገኛለሁ፤ አንዳንዴም ጥቂት ናቸው። በሌላው ቀን በእግሩ የመጣ ገበሬ ደግሞ ስላይዱ በሪንግ ተሞልቶ ራስ ምታት ብቻ ይላል። ጎልምሶ የጠቆረውን፣ ለመፈንዳት የደረሰውን ጥገኛ ግን ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ዓይነት በታመመ ሰው የጣት ደም ውስጥ ማየት ብርቅ ነው። የት ገባ?

መልሱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የጣሊያን ሐኪሞቹ ማርኪያፋቫና ቢኛሚ ከሟቾች አንጎል አግኝተውታል፦ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች በታመሙ ቀይ የደም ሕዋሳት ታጭቀው ነበር። ፋልሲፓረም በሁለት ቀን ዕድገቱ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ የሰፈረበትን ሕዋስ ከደም ሥሩ የውስጥ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። በደሙ እየዞረ ቢቆይ ጣፊያ አጣርታ ትጥለው ነበርና መጣበቁ ያድነዋል። ታዲያ የልጁን አእምሮ ያጨለመው ጋኔን አልነበረም፤ እኔም በጣት ጠብታ የማየው የሚዘዋወረውን ብቻ ነበር።

ግድግዳው ላይ የሚይዘውን ነገር ለማወቅ ግን ወደ መቶ ዓመት የተጠጋ ጊዜ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1989 በኦክስፎርድ የነበሩት ቤረንትና ባልደረቦቹ አይካም-1 የተባለው ፕሮቲን ከመያዣዎቹ አንዱ መሆኑን አሳዩ። አይካም-1 ከደም ሥሩ ሕዋሳት ላይ ወደ ደሙ ብቅ ብሎ የሚገኝ ነው፤ ዋና ሥራው ነጭ የደም ሕዋሳት ቁስል ወዳለበት ሲሄዱ እንዲቆሙበት መያዝ ነው። ሰውነት ሲያተኩስና ሲቆጣ በብዛት ይወጣል። ወባው ለመከላከያ የተሠራውን መያዣ ለራሱ ይጠቀምበታል።

ይህን ለማጥናት በሕይወት ካለ ታማሚ አንጎል ደም ሥር መውሰድ አይቻልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሰውን የአይካም-1 ዘረ-መል ቀድተው፣ ፕሮቲኑን ከሕዋሱ ሽፋን ጋር የሚያያይዘውን ጫፍ ቆርጠው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚራቡ ሕዋሳት ይሰጣሉ። ሕዋሳቱ ያንን ፕሮቲን ሠርተው ወደ ፈሳሹ ይለቁታል፤ ተጣርቶ፣ በቅዝቃዜ ደርቆ፣ በማይክሮግራም ተመዝኖ ይሸጣል። ሪኮምቢናንት የሚባለው ይህ ነው። ብልቃጡ ሲደርስ ባዶ ይመስላል፤ ግርጌው ላይ ዐይን በጭንቅ የሚለየው ነጭ ብናኝ አለ። ክዳኑ ሲከፈት እንዳይበንን አስቀድሞ በሴንትሪፊውጅ ማዞር ነው። ከዚያ ይሟሟል፣ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ ይቀዘቅዛል፤ እየቀለጠ ደጋግሞ ከቀዘቀዘ ይበላሻል። ለሙከራው ጠብታው በፕላስቲክ ሳህን ላይ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፤ በነጋታው ወባ ያለበት ደም ይጨመርበታል፣ በቀስታ ይታጠባል፣ የቀረውም በጊምሳ ተቀልሞ ይቆጠራል። እኔ ስጠቀምበት በኖርኩት በዚያው ቀለም!

የኬንያዋ ኪሊፊ ይህን ሠርታለች። እዚያ ያለው የምርምር ማዕከል ከሆስፒታሉ ጋር ተጠጋግቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ተቋቋመ። በ1997 የወጣ ጥናት፣ ወባ አንጎላቸውን ከመታቸው ልጆች የተወሰደው ጥገኛ ከአይካም-1 ጋር የበለጠ እንደሚጣበቅ አሳየ። በዚያው ዓመት የዘረ-መሏ አንድ ፊደል የተለወጠ የአይካም-1 ዓይነት በአካባቢው ሰው ላይ ተገኝታ አይካም-1 ኪሊፊ ተባለች። አንጎልን ለሚመታው ወባ ታጋልጣለች የሚለውን የኪሊፊውን ግኝት በጋምቢያ የተደረገ ጥናት አልደገመውም፤ ስሙ ግን ጸንቷል። በ2013 ደግሞ ኢፒሲአር የተባለ ሌላ መያዣ ከከባድ ወባ ጋር መያያዙ ተገለጠ፤ መነሻው ከታንዛኒያ ሕፃናት የተወሰደ ደም ነበር።

የጎንደሩ ኮሌጅ ከኪሊፊው ማዕከል በ35 ዓመት ይቀድማል። ጎንደር ላይ ለመወለዱም አንዱ ምክንያት ይኸው በሽታ ነው። እኔ የምሟገተው የመጣበቁ ጥናት እዚህም እንዲሠራ ነው፤ ምክንያቴም ስሜት ብቻ አይደለም። ከታማሚ የተቀዳው ሪንግ ለመጣበቅ ከመድረሱ በፊት አንድ ቀን ያህል በሙቀት ሣጥን ማደግ አለበት። ለሳምንታት ከተራባ ደግሞ የሚጣበቅበትን ፕሮቲን እየለዋወጠ ልጁን ያሳመመው ያው ጥገኛ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ የደምቢያ ልጅ ደም ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር የሚቀጥል ጥልቅ ማቀዝቀዣ፣ የሙቀት ሣጥን፣ ከጉምሩክ ሳይቀልጥ የሚወጣ አንድ ብልቃጥ አይካም-1፣ አንድ ብልቃጥ ኢፒሲአር፤ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ስላይድ የሚያነብ ሰው ከጎንደር አይጠፋም።