ያልተመረመሩት ቤቶች

ስለ አዋጅ ቁጥር 47/1967 በተነሣ ቁጥር «ፍትሕ ነበር» የሚለውና «ዝርፊያ ነበር» የሚለው ወገን መፋጠጡ የተለመደ ነው። እኔ በበኩሌ እምብዛም የማይሰማ ጥያቄ ላንሣ። መንግሥት ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ የወረሰው ቤት ጣሪያውና ግድግዳው በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ ማን አየለት?

አዋጁ የተከራዩን ሸክም ማቅለሉን አልክድም። እስከ 300 ብር የሚደርስ ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀንሶለታል። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ልብ በሉ፤ ክፍፍሉ የተደረገው በኪራዩ መጠን እንጂ በቤቱ ጤንነት አልነበረም። በዚህም ምክንያት በየዓመቱ እጅ የሚሹት የጭቃ ቤቶች፣ ከእያንዳንዱ ቤት ጥቂት ብር ብቻ ለሚሰበስበው አካል ደረሱት። ኪራዩ ለዐሥርት ዓመታት ባለበት ሲቆም፣ የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ ግን አልቆመም።

ያደግሁት በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። የጭቃ ቤት በአንድ ጊዜ አይፈርስም፤ ከእግሩ ይጀምራል። መሬት ውስጥ የተተከለው የባሕር ዛፍ ቋሚ ከታች እርጥበት ይስባል። አሸንዳ ከሌለ ደግሞ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ እየተፈናጠረ የግድግዳውን ግርጌ ያርሰዋል። ምርጊቱ ይረግፋል፣ ማገሩ ይጋለጣል፣ ቋሚው ይበሰብሳል። ቆርቆሮውም ቢሆን ዝገቱ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከሚስማሩ ቀዳዳ ነው። አባቴ ይህን ያውቁ ስለነበር፣ ግንቦት በገባ ቁጥር ወስፌ ይዘው ቤቱን ይዞሩና የየቋሚውን ግርጌ ይወጉ ነበር። ወስፌው በቀላሉ ከገባ፣ የዚያን ቋሚ ቦታ በከሰል ምልክት ያደርጉበታል። ከክረምት በፊት መለወጥ ያለበት እርሱ ነው።

ችግሩ መለወጡ ላይ ነበር። ቤቱ የመንግሥት በመሆኑ ለጥገና የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንድ ዓመት ማመልከቻችን መልስ ያገኘው መስከረም ላይ፣ የጓዳው ግድግዳ ከተናደ በኋላ ነው። በኪራይ ደብተራችን ላይ የቤት ቁጥር፣ የተከራይ ስምና የተከፈለው ሰባት ብር ይጻፋል፤ ስለ ቤቱ ይዞታ የሚጻፍበት መስመር ግን አልነበረውም። (ደብተሩ እስከ ዛሬ አለኝ፤ ከቤቱ ይልቅ እርሱ በደኅና ተይዟል።)

ባለቤቱ ሊጠግነው ያልቻለውን፣ ተከራዩም እንደ ልቡ ሊጠግነው ያልተፈቀደለትን ቤት ዘግይተን «ያረጀ» አልነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በልደታ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ ሰፈሮች በጅምላ ፈርሰዋል። ሊድኑ የማይችሉ ቤቶች እንደነበሩ አምናለሁ። ሆኖም እግሩ ብቻ የበሰበሰ ቋሚ ተቆርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ ሊቆም ይችላል፤ ወገቡ የተሰበረው ግን አይችልም። ይህን ለመለየት እያንዳንዱን ቤት ገብቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ሰፈርን ከመንገድ ዳር ሆኖ ማየት አይበቃም።

የእኛም ቤት ተራው ደርሶ ፈረሰ። ለመለካት የመጡት ባለሙያዎች ሜትር ይዘው ነበር። ርዝመቱንና ስፋቱን መዘገቡ፤ አባቴ በከሰል ምልክት ያደረጉባቸውን ቋሚዎች የጠየቀ ሰው አልነበረም።