ድንገቴ ጭንቅ

ፓኒክ አታክ የሚባለውን የሕክምና ስም ቃል በቃል ወደ አማርኛ ልመልስ ያለ ሰው «የሽብር ጥቃት» ላይ ይደርሳል፤ ያ ደግሞ የፖሊስ ጉዳይ ነው። እዚህ «ድንገቴ ጭንቅ» ብለነዋል። «ጭንቀት» ለወራት ውስጥ ውስጡን የሚበላውን ሐሳብ ይይዛል፤ «ጭንቅ» ግን እንደ ምጥ አጣድፎ የሚያልፍ ነው።

ከባድ ፍርሃት ሳይታሰብ ይነሣና ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካል። ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ይጨመቃል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ጣቶች ይደነዝዛሉ። ሰውየው «መሞቴ ነው» ወይም «ማበዴ ነው» ይላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ 13 ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ ስሙ የሚሰጠው ቢያንስ 4ቱ አብረው ሲታዩ ነው። ተኝቶ ያለን ሰው እንኳ ቀስቅሶ ሊያስነሣ ይችላል።

የሚሸሹት ነገር ሳይኖር ሰውነት ለሽሽት ይሰናዳል፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል። ቶሎ ቶሎ ሲተነፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ማዞሩና መደንዘዙ በአብዛኛው ከዚያ ይመጣል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ በ1986 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ሰውየው የልቡን ምት የልብ ሕመም ነው ብሎ ይተረጉመዋል፤ ፍርሃቱ ልቡን ይበልጥ ያስመታዋል፤ ያ ደግሞ ጥርጣሬውን ያጸናለታል።

አንድ ጊዜ መጥቶ ቢቀር ሕመም አይባልም። ሕመም የሚሆነው ሰውየው «ዳግም ይመጣብኝ ይሆን?» እያለ ታክሲውን፣ ገበያውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግፊያ መሸሽ ሲጀምር ነው። እንግዲህ ልቤን ብሎ ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ተነሥቶ «ምንም የለብህም» ተብሎ መሸኘት፣ በእኔ እምነት፣ ግማሽ መልስ ነው። ልቡ ደኅና ነው፤ እሱ ግን ደኅና አይደለም።

ሲመጣ ካሉበት ሳይሮጡ፣ አየሩን ከማስገባት ይልቅ በማስወጣቱ ላይ እየዘገዩ መተንፈስ ይረዳል። ከአቦል እስከ በረካ የማይቀርበት ሰው ቡናውን ቢቀንስ፣ ጫቱንም ቢተው ይሻለዋል። ዋናው ሕክምና ግን የተሸሸውን ነገር ቀስ በቀስ እየተጋፈጡ አተረጓጎምን የሚለውጥ የንግግር ሕክምና ነው፤ ሲያስፈልግም ሐኪም የሚያዘው የድብርት መድኃኒት ይታከላል። በራስ ፈቃድ የሚወሰድ ማረጋጊያ መድኃኒት ግን ሱስ ሊያስይዝ ይችላል።

የደረት ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጋጥምዎ ግን ራስዎን በዚህ ስም አይመርምሩ፤ ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ። የደም ማነስና ከመጠን በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢም ይህንኑ ሊመስሉ ይችላሉ። ሁሉም ተመርምሮ ደኅና ከሆነ «ታዲያ ድንገቴ ጭንቅ ይሆን?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁት። የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል ቢልክዎም አይደንግጡ፤ እዚያ የሚታከመው እብደት ብቻ አይደለም።