ጥር 13 እና የበረኛው ዕጣ

ጥር 13 ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ሁለት ጊዜ ትልቅ ቀን ሆናለች። የመጀመሪያው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን የወሰድንበት። ሁለተኛው ልክ በ51 ዓመቱ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የወጣንበት። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው።)

ከመጀመሪያው ጥር 13 ማንን እናስታውሳለን? ሉቺያኖ ቫሳሎን፣ ወንድሙን ኢታሎን፣ መንግሥቱ ወርቁን። ጎል ያገቡትን ማለት ነው። በረኛው ማን ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ብዙው ሰው ጣራ ጣራ ያያል። ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር። ዋንጫ የበላንበትን ቀን በረኛ ረስተነዋል።

የሁለተኛውን ጥር 13 በረኛ ግን አልረሳነውም። ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ከግብ ክልሉ ወጥቶ ኳሷን ለማራቅ እግሩን ሲያነሳ የዛምቢያውን ቺሳምባ ሉንጉን አገኘው። ራሱም ተጎድቶ በቃሬዛ ላይ እንዳለ ቀይ ካርድ ተመዘዘበት። ዘሪሁን ታደለ ገባ፤ በ10 ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፤ አገር ጨፈረ። በአራተኛው ቀን ዘሪሁን በቡርኪና ፋሶ 4 ገባበት። ከዚያ ከናይጄሪያ ጋር ሲሳይ ባንጫ ሁለተኛውን ፍጹም ቅጣት ምት ሲያሰጥ በቀይ ወጣ። ቅያሪ ስላለቀ አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ በር ላይ ቆመ። 2 ለ 0 ተሸንፈን ወደ ቤታችን። በሦስት ጨዋታ ሦስት በረኛና አንድ አማካይ በር ላይ ቆመው፣ ሁለት ቀይ ካርድ አየን።

ይህን የምናነሳው ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። በረኛ ከበሩ መቼ ይውጣ፣ መቼ ይቅር፣ ሲወጣ በእጅ ይሂድ ወይስ በእግር የሚለው በሁለት ሰከንድ የሚወሰን ነገር ነው። ያ ውሳኔ ከልጅነት ጀምሮ፣ በዚያው በር ላይ ተቃጥሎ ያለፈ ሰው አጠገብ ቆሞ ሲያስተምር የሚመጣ ሙያ ነው። ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው፤ በረኞቻችን ጓንታቸውን ከሰቀሉ በኋላ ያዩትን ለማን ያስተላልፋሉ?

ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት የተሻገሩትን ስንቆጥር ቀድመው የሚመጡልን ይድነቃቸው ተሰማ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሦስቱም ግን ጎል ያገቡ እንጂ በር የጠበቁ አልነበሩም። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ከዚምባብዌ የወሰድነው ግን በመለያ ምት ነው። መለያ ምት ደግሞ የበረኛ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ካሜሩን እንሻገር። ቶማስ ንኮኖ ረጅም ሱሪ ለብሶ የሚጫወት በረኛ ነበር። ከያውንዴው ካኖን ጋር የአፍሪካ ክለቦችን ዋንጫ በልቷል፣ ሁለት ጊዜ የአፍሪካ ኮከብ ተብሏል። እኛ ሊቢያ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ በታየንበት በ1974 ዓ.ም. እሱ ስፔን በዓለም ዋንጫ ነበር። ካሜሩን ሦስት ጨዋታ አቻ ወጥታ፣ አንድ ጎል ብቻ ገብቶባት ተመለሰች፤ ንኮኖን ግን የባርሴሎናው ኤስፓኞል አስቀረው። በ1982 ዓ.ም. በጣሊያኑ የዓለም ዋንጫ ይሰለፋል የተባለው ጆሴፍ አንቷን ቤል ነበር። በመክፈቻው ዋዜማ ቤል ቀረና ንኮኖ ገባ። የማራዶናዋ አርጀንቲና 1 ለ 0 ተሸነፈች፣ ካሜሩን እስከ ሩብ ፍጻሜ ሄደች። ያን ጊዜ ጣሊያን ውስጥ ንኮኖን ያይ የነበረው የ12 ዓመት ልጅ ጂያንሉዊጂ ቡፎን በረኛ ለመሆን ቆረጠ። ሲያድግ ለልጁ ሉዊ ቶማስ የሚል ስም አወጣለት።

እኛን ግን ይበልጥ የሚገርመን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ንኮኖ መጫወት ሲያቆም የበረኞች አሰልጣኝ ሆነ፤ ለአገሩም ለኤስፓኞልም። ቀላል አልነበረም። በ1994 ዓ.ም. ማሊ ውስጥ ከግማሽ ፍጻሜው በፊት ሜዳው ላይ አስማት ጥሏል ተብሎ ፖሊስ ደብድቦ እጁን በካቴና አስሮ ወሰደው። እሱ ግን ሥራውን አልተወም። እሱ ይጠብቀው በነበረው የኤስፓኞል በር ላይ ካርሎስ ካሜኒ የሚባል ሌላ ካሜሩናዊ ቆሞ ለዓመታት ተጫወተ፤ የሚያሰለጥነውም ንኮኖ ነበር። በረኛ በረኛን ሲወልድ እንዲህ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለይፋት ልጆች ሩቅ አይደለም። ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው ቆላ ሁለት ድንጋይ አቁሞ ኳስ የማይጫወት ሰፈር የለም። በረኛ የሚሆነው ደግሞ ትንሹ ወይም "አይችልም" የተባለው ነው፤ የኳሱ ባለቤት በር ላይ ሲቆም አይታይም! ሜዳው በበጋ እንደ ሸክላ ይደርቃል፣ ማሽላ የታጨደበት ማሳ ላይ ከሆነ የአገዳው ጉቶ አለ። አንዴ የተወረወረ ልጅ ጉልበቱና ክርኑ ተልጦ ይነሳል። ንኮኖ ለምን ረጅም ሱሪ እንደለበሰ የቆላ ልጅ አይጠይቅም። ያም ሆኖ የሚወረወር ልጅ አለ። አወዳደቅ የሚያሳየው ሰው ግን የለውም፤ ብቻውን ነው የሚማረው።

ብዙ ገንዘብ አንጠይቅም። ጫማውን የሰቀለ በረኛ በየከተማው ይፈለግ፤ የአሰልጣኝነት ኮርስ ሲመጣ ከአጥቂው እኩል ይጠራ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ፀሐይ በረድ ስትል፣ የወረዳውን በረኞች ለብቻ ይያዝ። ለስላሳ አፈር የተደለደለበት አንድ ጥግ ይበቃዋል። አንድ ስህተት የሠራ በረኛም በስህተቱ ተጠርቶ አይቅር፤ ያ ስህተት ለሚቀጥለው ልጅ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው። ስናየው ግን አብረን እየጣልነው ነው።