«ቀኑ ነው» ብሎ ዝም ያላለው አብራሪ



እኛ የእድር ሰዎች ከሞት ጋር ያለን ትውውቅ የቆየ ነው። ጥሩምባ ሲነፋ ወጥተን ድንኳን እንተክላለን፤ ቀብረን እንመለሳለን፤ ሐዘንተኛ እናጽናናለን። ሟቹ በድንገተኛ አደጋ የሄደ እንደሆነ ደግሞ «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ለማጽናኛ ደግ ቃል ነው። የሚቀጥለውን ሰው ግን አያድንም። ስለዚህ ዘንድሮ በዚህ ቃል ብቻ ያልረካ የአንድ ሰው ታሪክ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሂዩ ዲሄቨን አሜሪካዊ ነበር። በ1917 ለእንግሊዝ የጦር አየር ኃይል አብራሪ ለመሆን በቴክሳስ ሲሠለጥን፣ በልምምድ በረራ ላይ አይሮፕላኑ ከሌላ አይሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ከዚያ አደጋ በሕይወት የተረፈ እሱ ብቻ ነው። እግሮቹ ተሰበሩ፤ ጉበቱና የሐሞት ከረጢቱ ተጎዱ። ሰዉ «እድለኛ ነህ» ሲለው እሱ ግን ነገሩን ያሰላስል ጀመር። የተቀመጠበት ክፍል ብዙ አልተጨፈለቀም ነበር። ሆዱን የጎዳው ደግሞ የገዛ ቀበቶው ትልቅ ዘለበት መሆኑን ተረዳ። እንግዲህ ሰውን የሚገድለው መውደቁ ብቻ ሳይሆን ሲወድቅ የሚያርፍበትና የሚመታው ነገር ጭምር ነው ማለት ነው።

ዲሄቨን ከብዙ ዓመት በኋላ ከፎቅ ወድቀው የተረፉ ሰዎችን ጉዳይ አንድ በአንድ መርምሮ በ1942 አሳተመ። ለስላሳ ነገር ላይ እንቁላል ከከፍታ እየጣለም ይፈትን ነበር። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ በኮርኔል የሕክምና ኮሌጅ የአይሮፕላን አደጋ ጉዳት ጥናት ተቋቋመ።

ታዲያ ይህ ለገበሬው ምን አደረገለት? ከአይሮፕላን የተባይ መድኃኒት መርጨት የተጀመረው በ1921 በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ነው። ሥራው አስፈሪ ነው። አብራሪው ከአዝመራው በላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይበርራል፤ ማሳው ሲያልቅ በፍጥነት ሽቅብ ወጥቶ ይዞራል። ዛፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይጠብቀዋል። ስሕተት ቢመጣ ማረሚያ የሚሆን ከፍታ የለም። ለጀማሪማ የባሰ ነው። አይሮፕላኖቹም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የማሠልጠኛ አይሮፕላኖች በብዛት ነበሩባቸው፤ ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩ አልነበሩም።

ፍሬድ ዊክ የሚባል መሐንዲስ ከዲሄቨን ጥናት ተምሮ፣ ከመነሻው ለርጭት የታሰበ አይሮፕላን በቴክሳስ ሠራ። በታኅሣሥ 1950 በረረ። ከዚህ ሥራ በኋላ የመጣው በ1959 ለገበያ የቀረበው ፓይፐር ፖውኒ ነው። በዚህ አይሮፕላን የመድኃኒቱ ማጠራቀሚያ በሞተሩና በአብራሪው መካከል ተደረገ። ቢወድቅ ፊቱ ቀስ በቀስ እየተጨማደደ ግጭቱን ይውጣል፤ አብራሪው ከኋላ ከፍ ብሎ፣ ትከሻውም ታስሮ ይቀመጣል።

ነገሩ ወደ አገራችንም ደርሷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካው ሽዋይዘር ኩባንያ ፈቃድ «እሸት» የተባለውን የርጭት አይሮፕላን እዚሁ ገጣጥሟል። እሸትም ማጠራቀሚያው ከአብራሪው ፊት ነው።

ዛሬ በየመኪናው ያለው ትከሻና ወገብ የሚይዝ ቀበቶም ከዚሁ ሐሳብ ጋር ዝምድና አለው፤ ስዊድናዊው ኒልስ ቦሊን በ1959 ለመኪና የሠራው ነው።

እድራችን ቀባሪ ብቻ እንዲሆን አንፈልግም። በሚቀጥለው ለቅሶ ሐዘንተኛውን «ቀኑ ነው» ብለን እናጽናና፤ ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን «ቀበቶ አስሮ ነበር ወይ? ምን መታው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ለልጆቻችንና ለሾፌሮቻችን እንንገር። ጥሩምባው አንድ ቀን ሳይነፋ ቢያልፍ፣ ከመዋጮ ሁሉ የሚበልጥ መዋጮ አዋጣን ማለት ነው።