የባዘነ ውሻ፥ ማደጎና ጉዲፈቻ፤ በሎንዶን ከተማ ከ1860 ወዲህ

ስለ ሰው ልጅ ልማድና ማኅበራዊ ኑሮ በሚመረምር መጽሔት ላይ ስለ ውሻ መጻፍ ከርእስ መውጣት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ኅብረተ ሰብ «የእኔ» የሚለውን «የማንም አይደለም» ከሚለው የሚለይበት ደንብ ከውሻ ይልቅ ጐልቶ የሚታይበት ነገር ጥቂት ነው። ባለቤት ያጣ በሬ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ባለቤት ያጣ ውሻ ግን ወይ ይገደላል፥ ወይ አንድ ሰው ራርቶ ያስጠጋዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ማስጠጋት የግለሰብ ርኅራኄ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሥርዓት ያለው ልማድ እንዴት እንደ ሆነ ነው። ምሳሌ የምናደርገው የሎንዶንን ከተማ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ይገባል። ለጊዜው በሌላ ሰው ቤት የሚቀመጠውን ውሻ «የማደጎ»፥ ለዘለቄታው ባለቤት ያገኘውን «የጉዲፈቻ» እንለዋለን። ሁለቱም ቃላት የሰው ልጅ ቃላት ናቸው፤ ጉዲፈቻም ከኦሮሞ ሕዝብ ልማድ ተወስዶ በአገራችን ሕግ የገባ ነው። ለውሻ መዋሳቸው ለአንዳንድ ጆሮ የማይጥም ቢሆንም፥ እንግሊዞች ዛሬ ለውሻ የሚናገሩበት ቃልም አስቀድሞ የልጅ ነበረ።

በ1860 ወይዘሮ ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ሴት በሰሜን ሎንዶን፥ ሆሎዌይ በሚባለው ሰፈር፥ በአንድ የፈረስ ጋጣ ግቢ ውስጥ የውሾች መጠለያ ከፈቱ። ስሙ «ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ጊዜያዊ መኖሪያ» የሚል ትርጕም ያለው ነበረ። «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ያሻል፤ ቤቱ የታሰበው ውሻው ጌታውን ወይም አዲስ ጌታ እስኪያገኝ ድረስ እንዲቈይበት እንጂ እንዲኖርበት አልነበረምና። በዚያው ዓመት ዘ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ በሐሳቡ አፌዘ። በ1862 ግን ቻርልስ ዲከንስ ያዘጋጁት በነበረው መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፥ ለሽልማት የሚታዩትን የባለጸጎች ውሾች በሆሎዌይ ከተጠለሉት ምስኪኖች ጋር አነጻጽሮ ለመጠለያው ተከራከረ። ወይዘሮ ቲልቢ በ1865 ዐረፉ፤ መጠለያው በ1871 ባተርሲ ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ፤ እስከ ዛሬም በዚያ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ነገሩን የለወጠው ሕግ ነው። በ1867 የወጣው የሎንዶን መንገዶች ሕግ ጠባቂ የሌለውን ውሻ ፖሊስ እንዲይዝ ሥልጣን ሰጠ፤ ባለቤቱ በሦስት ቀን ውስጥ ካልመጣ ውሻው እንዲሸጥ ወይም እንዲገደል ፈቀደ። ስለዚህ የርኅራኄ ቤት የነበረው መጠለያ ፖሊስ የያዛቸውን ውሾች መቀበያም ሆነ። የእብድ ውሻ በሽታ ፍርሀት በበረታባቸው ዓመታት፥ በተለይ በ1885 እና በ1886፥ የአፍ መሸበቢያ ያላደረገ ውሻ ሁሉ እንዲያዝ በመታዘዙ ግቢው ከዐቅሙ በላይ ተጨናነቀ። በ1884 ውሾችን በጋዝ የሚገድል ክፍል በግቢው ተሠርቶ ነበረ፤ በ1885 ደግሞ ንግሥት ቪክቶሪያ የመጠለያው የበላይ ጠባቂ ሆኑ። እነዚህ ሁለት ነገሮች ጐን ለጐን መቆማቸው የዘመኑን አስተሳሰብ ያስረዳል፤ ርኅራኄ ማለት ሥቃይን ማሳጠር እንጂ የግድ ዕድሜን ማርዘም አልነበረም። በሽታው በ1902 ከብሪታንያ ጠፋ፤ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ተመልሶ ገብቶ በ1922 እንደ ገና ጠፋ። በ1906 የወጣው የውሾች ሕግ ሦስቱን ቀን ሰባት አደረገው፤ የተያዘ ውሻም ሕያው ሳለ ተቀድዶ ለሚመረመርበት ሥራ እንዳይሰጥ ወይም እንዳይሸጥ ከለከለ።

ቀኑ ቢረዝምም ቀኑ ሲያልፍ ውሻው የሚሄድበት ቤት ካልተዘጋጀ መራዘሙ ብቻውን አያድንም። ይህንን በግልጥ ያሳየው የ1939 መስከረም ነው። ጦርነቱ በታወጀበት የመጀመሪያ ሳምንት፥ አንድ ቦምብ በከተማይቱ ሳይወድቅ፥ የሎንዶን ነዋሪዎች 400,000 ያህል ድመቶችና ውሾች በፈቃዳቸው እንዳስገደሉ የታሪክ ጸሓፊዋ ሂልዳ ኪን በ2017 ባሳተሙት መጽሐፍ አስረድተዋል። የመንግሥት ትእዛዝ አልነበረም፤ በተሰራጨው የምክር ጽሑፍ ግን እንስሳውን የሚረከብ ሰው ከጠፋ ማስገደሉ እንደሚሻል ተገልጾ ነበረ። በዚያው ጊዜ የሃሚልተን መስፍን ባለቤት ኒና በገጠር ያለውን የፈርን ርስታቸውን ከፍተው ከከተማ የመጡትን ውሾችና ድመቶች ተቀበሉ። ከዚህ የምንረዳው፥ ብዙዎቹን ለሞት ያበቃቸው የባለቤቶቻቸው ጭካኔ ሳይሆን በቅርብ የሚያስጠጋ ሌላ ቤት መታጣቱ መሆኑን ነው።

ዛሬ ማደጎ የሚባለው አሠራር ይህን ጉድለት ይሞላል። የእንስሳት ማኅበር ቡችሎችን፥ የታመመውን፥ ወይም በግቢ መታሰር የሚያስጨንቀውን ውሻ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በፈቃደኛ ሰው ቤት ያስቀምጣል። የሕክምናውን ወጪ የሚችለው ማኅበሩ ነው፤ ፈቃደኛው ያበላል፥ ያስለምዳል፥ ጠባዩንም አጥንቶ ይናገራል። ጉዲፈቻ ፈላጊ ሲመጣ ስለ ቤቱና ስለ ኑሮው ይጠየቃል፤ ውሻውን ማቆየት ቢያቅተው ለሌላ ሳይሰጥ ለማኅበሩ እንዲመልስ ይዋዋላል። በ1891 የተመሠረተውና ዛሬ ዶግስ ትረስት የሚባለው ማኅበር ደግሞ ከ2004 ጀምሮ በቤታቸው ውስጥ ግፍ ደርሶባቸው ለሚሸሹ ሰዎች ውሾቻቸውን በማደጎ ያስቀምጥላቸዋል። ውሻውን ትተው መሄድ ስለማይሆንላቸው ከግፈኛው ጋር የሚቀሩ አሉና፥ በዚህ የውሻው ማደጎ ለሰው ማምለጫ ሆነ። አሳዳጊው ማን እንደ ሆነ በምስጢር ይጠበቃል፤ ባለቤትነቱም ከባለቤቱ አይወሰድም።

ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ተረቱ ስለ ሰው ታማኝነት የሚነገር ቢሆንም በውስጡ አንድ ደንብ አለው፤ ያበላ ጌታ ነው። በሎንዶን ግን ማብላትና ባለቤትነት ተለያይተዋል፤ አሳዳጊው ያበላል፥ ጌታው ግን ሌላ ነው። የሎንዶን ደንብ ውሻን ባለቤት ያለውና ባለቤት የሌለው ብሎ ለሁለት ሲከፍል፥ በከተሞቻችን ሦስተኛ ዐይነት አለ፤ እርሱም ብዙ ቤት ፍርፋሪ የሚጥልለት፥ ሌሊት መንደሩን የሚጠብቅ፥ ነገር ግን ማንም «የእኔ ነው» ብሎ የማይጠራለት የሰፈር ውሻ ነው። ይህ ውሻ በልማድ ባለቤት የለሽ አይደለም፤ በሕግ ዐይን ግን የማንም ነው።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ የሚያልፈውም በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል። ለመከተብ ግን ውሻውን ይዞ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል፤ የተገደለው ውሻ ቦታም ብዙ ሳይቈይ ባልተከተበ ውሻ ይያዛል። ስለዚህ የሎንዶንን መጠለያ እንዳለ ከመቅዳት በፊት፥ ፍርፋሪ የሚጥሉት የሰፈር ሰዎች በምን መንገድ የጋራ አሳዳጊዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ መጠየቅ ይሻላል። ተማሪዎቻችን በየሰፈሩ እየዞሩ «ይህ ውሻ የማን ነው?» ብለው ቢጠይቁና መልሱን ቢመዘግቡ፥ ለልማድ ጥናትም ለሕዝብ ጤናም የሚበጅ ሥራ በሠሩ ነበር።