የነዳጅ ዘይት ፍሳሽን በሳተላይት መለየት

የነዳጅ ዘይት ፍሳሽን በሳተላይት መለየት ማለት ከማውጫ ጉድጓዶች፣ ከቧንቧዎችና ከመርከቦች ወደ ባሕር የገባ ዘይት የት እንዳለና ምን ያህል ቦታ እንደሸፈነ ከሕዋ በተነሡ ምስሎች የማወቅ ዘዴ ነው።

አሠራር

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ሲንቴቲክ አፐርቸር ራዳር ነው። ራዳሩ የራሱን የሬዲዮ ሞገድ ስለሚልክ ጨለማም ሆነ ደመና አያግደውም። ነፋስ የባሕሩን ገጽ ሲያሻክረው ከተላከው ሞገድ ከፊሉ ወደ ሳተላይቱ ይመለሳል፤ ዘይት ግን ጥቃቅኑን የውኃ ሞገድ ስለሚያረጋው የሸፈነው ቦታ በምስሉ ላይ ጠቁሮ ይታያል። ነፋስ በማይነፍስበት ጊዜ ንጹሕ ባሕርም ይጠቁራል፤ ሲበረታ ደግሞ ዘይቱ ከውኃው ጋር ተደባልቆ ይሰወራል። ስለዚህ ጥቁር ቦታ መፈለግ ለኮምፒዩተር ቀላል ነው፤ ከባዱ ዘይቱን ከሚመስለው ነገር መለየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያው የመጠቀው የአውሮፓ ሴንቲነል-1 ራዳር ምስሎች ለማንኛውም ሰው በነፃ ይሰጣሉ።

ምስሉ ስፋትን እንጂ ውፍረትን በቀጥታ አይናገርም። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ ዘይት ውፍረቱ 1 ማይክሮ ሜትር ከሆነ 1,000 ሊትር ነው፤ 10 ማይክሮ ሜትር ከሆነ 10,000 ሊትር። ክርክር የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

የቴይለር ኢነርጂ ፍሳሽ

በሴፕቴምበር 2004 እ.ኤ.አ. አይቫን የተባለው አውሎ ነፋስ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የባሕር ወለል ጭቃ ናዳ አስነሥቶ፣ ከሉዊዚያና ዳርቻ 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የነበረውን የቴይለር ኢነርጂ ኩባንያ ማውጫ መድረክ ጣለው። ጉድጓዶቹም በጭቃ ተቀበሩ። ፍሳሹ ለዓመታት በሕዝብ ዘንድ ሳይታወቅ ቆየ። በ2010 የዲፕዋተር ሆራይዘን አደጋ ሲደርስ፣ ስካይትሩዝ የተባለ አነስተኛ ድርጅት የአካባቢውን የሳተላይት ምስሎች ሲመረምር ከዚያ አደጋ ጋር የማይገናኝ ሌላ የዘይት ንጣፍ አገኘ።

ኩባንያው የሚፈሰው በቀን ከጥቂት ጋሎኖች እንደማይበልጥ ሲከራከር ነበር። መጠኑ የተገመተው ግን ከሕዋ ሳይሆን ከባሕሩ ወለል በተደረገ ልኬት ነው፤ በ2019 የአሜሪካ መንግሥት የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ባወጣው ጥናት ፍሳሹ በቀን ከ9 እስከ 108 በርሜል ይደርሳል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በባሕሩ ወለል ላይ ባስተከለው መሰብሰቢያ በቀን ከ1,000 ጋሎን በላይ፣ ማለትም ከ3,700 ሊትር የሚበልጥ ዘይት መሰብሰብ ተጀመረ።